ጎርፍ ሲመጣ በር የሚያንኳኳው ማን ነው?



ስለ ጎርፍ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ግን ውሃው ምን ያህል እንደነበረ፣ ስንት ሰው እንደወሰደና ስንት ቤት እንዳፈረሰ ነግሮን ያበቃል። ከዚያም ክረምቱ ይወጣል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ እኛም እንረሳለን። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁበት ጉዳይ ከዚህ ጥቂት ይለያል። ይኸውም ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ወይም ጥቂት ቀናት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያወቀ ሰው ላላወቀው ይነግራል ወይስ አይነግርም? በእኔ አስተያየት የአንድ የወንዝ ዳር ከተማ ሕዝብ መትረፍ አለመትረፉ ከሁሉ አስቀድሞ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ይህን የምለው አንብቤ ብቻ አይደለም። በሕይወቴ ሁለት ታላላቅ ጎርፎችን በሁለት ከተሞች አይቻለሁ። አንዱን በተወለድኩባት በድሬዳዋ፣ ሌላውን ለእንጀራ በሄድኩባት በካርቱም። በመጀመሪያው ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን ሳላደርግ ቀረሁ። በሁለተኛው ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ምን እንደነበረ ከሌሎች ተማርኩ። አንባቢ ከእኔ ጥፋት ይማር ዘንድ ሁለቱንም እንደነበሩ አቀርባለሁ።

የደቻቱ ሌሊት

ድሬዳዋን የሚያውቅ ደቻቱን ያውቃል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍላቸው ይኸው የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃ የለበትም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ መንገደኛ በእግሩ ያቋርጠዋል። ብዙዎቻችን ወንዝ መሆኑን የረሳነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ውሃው ደን ከተመነጠረበት ተዳፋት ላይ የሚይዘው ነገር ሳያገኝ ተንደርድሮ ይወርዳል። በከተማው ላይ ያን ያህል ዝናብ ሳይጥል ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለው ጎርፍ ደራሽ ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም።

በ1998 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006)፣ ለሐምሌ 30 አጥቢያ እሑድ ሌሊት የሆነውም ይኸው ነበር። በዚያን ጊዜ እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ በኪራይ ቤት እኖር ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ነበርን። ከበሬ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሁላችንም ሐጃ እንላቸዋለን። ረመዷን በመጣ ቁጥር እሳቸው ሳንቡሳ ሳይልኩልን ያፈጠርንበት ቀን አላስታውስም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሌሊት ሲተኙ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር።

ድምፁን የሰማሁት ሱብሒ ሳይደርስ ነው። የዕቃ ባቡር ከሩቅ ሲመጣ እንደሚያሰማው ያለ ጉምጉምታ ነበር። በዚያ ሰዓት ባቡር እንደማይገባ ግን አውቃለሁ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩ። ትልቁን ልጅ እኔ፣ ትንሿን እሷ አቅፈን ወጣን። ውሃው ግቢውን ገና አልነካም፤ ድምፁ ግን እየቀረበ ነበር። በእኔ በርና በሐጃ በር መካከል ያለው ርቀት አምስት እርምጃ ነው። አላንኳኳሁም። «ሌሎቹ ይቀሰቅሷቸዋል» አልኩ በልቤ። ወደ ከፍተኛው መንገድ ወጥተን ዘወር ስል ያ ግቢ አልነበረም። ሌሎቹ ጎረቤቶቻችንም እንደኔው አስበው እንደወጡ የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው።

ሐጃን በሦስተኛው ቀን ከከተማው በታች አገኘናቸው። ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። በዚያ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤት ንብረቱ ተፈናቀለ። ብዙዎች ደግሞ የገቡበት ሳይታወቅ ቀርተዋል።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «የአላህ ውሳኔ ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፤ አጀል አንድ ቀን አትቀድምም፣ አንድ ቀን አትዘገይም። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ሲሆን፣ ለእኔ ለዝምተኛው ጎረቤት ግን መደበቂያ ሊሆን አይገባም። እኔ የምጠየቀው ስለ ውሃው አይደለም፤ ስለ አምስቱ እርምጃ ነው። ይህን ለዓመታት ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።

ሁለቱ አባዮች የሚገናኙባት ከተማ

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት ቆይቼ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻገርኩ። በካርቱም ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሒሳብ ያዥ ሆንኩ። ካርቱም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሰው አገር ብትሆንም፣ በደጃፏ የሚያልፈው ውሃ ግን የምናውቀው ነው። ጥቁር አባይ ከጣና ተነስቶ፣ የደጋውን ዝናብና አፈር ሰብስቦ፣ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ይገናኛል። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ የሚባሉት ሦስቱ ከተሞች የተሠሩት በዚህ መገናኛ ዙሪያ ነው።

የካርቱምን ጎርፍ ለመረዳት የሁለቱን ወንዞች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጭ አባይ በደቡብ ሱዳን ሰፊ ረግረግ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይለዋወጥ ይፈሳል። ጥቁር አባይ ግን በበጋ ቀጭን ሆኖ ይከርምና፣ በአገራችን ክረምት ሲገባ ይቆጣል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ኃይሉ ስለሚበረታ መገናኛው ላይ የነጭ አባይን መንገድ ይዘጋበታል። የተዘጋው ነጭ አባይም ወደ ኋላ ይተኛና በስተደቡብ ባሉት እንደ ከላክላ ባሉ ሠፈሮች ላይ ይወጣል። እንግዲህ ከጥቁር አባይ ዳር ርቆ የሚኖረው ሰው እንኳ በጥቁር አባይ ሙላት ቤቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ካርቱም ከዚህ በፊትም ብዙ አይታለች። እ.ኤ.አ. የ1946ቱን ሙላት አዛውንቱ ሁሉ ይተርኩት ነበር። በ1988 ደግሞ በኦገስት ወር መጀመሪያ በአንድ ቀን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለባት። ይህ በመደበኛው ዓመት በሙሉ ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። ከሰማይም ከወንዝም በመጣው ውሃ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ።

በ2020 (በእኛ በ2012 ዓ.ም ማብቂያ) የሆነው ግን ከሁሉም በለጠ። በካርቱም ያለው የጥቁር አባይ መለኪያ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ አነበበ። ይህ ቁጥር በመለኪያው ላይ የተነበበው ከፍታ እንጂ የወንዙ ጥልቀት አይደለም። የአገሪቱ የመስኖ ባለሥልጣናት እንደገለጹት የወንዙ ከፍታ በመደበኛነት መመዝገብ ከጀመረበት ከ1912 ወዲህ እንዲህ ያለ ሙላት አልታየም ነበር። የ1946ቱም የ1988ቱም ምልክት ታለፈ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ መንግሥት በመላ አገሪቱ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ፣ 99 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው መጎዳቱንና ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች በሙሉ ወይም በከፊል መፍረሳቸውን ተናገረ። ኋላ ላይ ቁጥሩ ከዚህም አልፏል።

እኔ የነበርኩበት ሠፈር ከወንዙ ራቅ ስለሚል አልተነካም። ነገር ግን ያን ሰሞን ማታ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም። ተኝቼ የማዳምጠው የባቡሩን ድምፅ ነበር።

የቱቲ ሰዎች

የመጋዘኑ ባለቤት የቱቲ ተወላጅ ነበሩ። ቱቲ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ያለች፣ ስፋቷ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ደሴት ናት። ሎሚና አትክልት ታበቅላለች፤ በቁርኣን መማሪያ ኸልዋዎቿና በዑለማዎቿም የታወቀች ናት። ከከተማው ጋር በድልድይ የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት መሻገሪያዋ ጀልባ ብቻ ነበር። በዙሪያዋ ውሃ ነው። ስለዚህ በጎርፍ መጀመሪያ መጥፋት ያለባት እሷ ነበረች። ሆኖም ለመቶ ዓመታት ሳትጠፋ ቆይታለች።

አንድ ቀን ሐጁ መጋዘን መጥተው «ልጄ፣ ዛሬ ሒሳቡን ተወው። ለታያ ሰው አንሶናል» አሉኝ። ታያ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ተከትያቸው ሄድኩና አየሁት።

ታያ የጥበቃ ሥርዓት ነው። የጎርፉ ወራት ሲገባ የቱቲ ነዋሪዎች በደሴቲቱ ዙሪያ በየተወሰነ ርቀት የጥበቃ ቦታ ያቆማሉ። በየቦታው ወጣቶች በፈረቃ ሌትና ቀን ይጠብቃሉ። የትኛው የዳር አፈር ደካማ እንደሆነ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚያጠቃ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ከአባቶቻቸው የተማሩት ነው። ውሃው አንዱን ቦታ መብላት ሲጀምር በመስጊዱ የድምፅ ማጉያና በነጋሪት ጥሪ ይደረጋል። ጥሪውን የሰማ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ተማሪ፣ አካፋና ጆንያ ይዞ ወደዚያው ይሮጣል። ሴቶቹ ምግብና ሻይ ያቀርባሉ። ማንም ደመወዝ አይከፈለውም። ማንም «የእኔ ቤት ከዚህ ሩቅ ነው» አይልም፤ ደሴት ላይ ሩቅ የሚባል ቤት የለምና።

ያን ሌሊት ከእኔ ጋር የተመደበው ጎረምሳ ከኋላችን ያሉትን ቤቶች በጨለማ አንድ በአንድ እየጠቆመ አስረዳኝ። «እዚህ ዐይነ ስውር ሽማግሌ አሉ። እዚያ ሰሞኑን የወለደች ሴት አለች። ጥሪ ከተደረገ አንተ ወደ ሽማግሌው፣ እኔ ወደ አራሷ» አለኝ። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን መልስ መስጠት አቃተኝ። ሐጃ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውና መድኃኒት ወስደው እንደሚተኙ አውቅ እንደነበረ ቀደም ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ የጎደለኝ እውቀት አልነበረም። የጎደለኝ ያ ልጅ የነበረው ነገር ነው፤ እሱም አስቀድሞ የተቆረጠ ኃላፊነት ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። «አንተ ወደዚህ፣ እኔ ወደዚያ» ከተባለ ግን ማንም በሌላው ሊያመካኝ አይችልም።

ሲነጋጋ ሐጁን ጠየቅኋቸው። «ሐጅ፣ ውሃው ከሁሉም ዓመት በልጦ ቢመጣ ይህ ጆንያ ያቆመዋልን?»

«ላያቆመው ይችላል» አሉኝ። «በአንዳንድ በኩል ሰብሮ ገብቶም ያውቃል። ግን ሰው ነቅቶ ካደረ፣ ቤት ቢፈርስ እንጂ ተኝቶ የሚሰጥም አይኖርም።»

በዚያ ዓመት በቱቲም ውሃ የገባባቸው ቤቶች ነበሩ። ታያ ተአምር አይሠራም። ሆኖም ያ ሌሊት ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ሆነኝ።

ተወኩል ማለት መተኛት አይደለም

በመካከላችን አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። ስለ ጎርፍ አስቀድሞ መዘጋጀት ሲነሳ «በአላህ ተመካ» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሰው አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው የሰጡትን መልስ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነው ያዘዙት።

ስለ ውሃ በተለይ የተላለፈልንም አለ። በመዲና ድርቅ በሆነ ጊዜ አንድ ሰው በጁምዓ ኹጥባ መካከል ገብቶ ዝናብ እንዲለምኑለት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። ዝናቡ መጣና እስከሚቀጥለው ጁምዓ አላባራም። በሚቀጥለው ጁምዓ እንደገና ሰው ተነስቶ ቤቶች መፍረሳቸውን፣ ንብረት መጥፋቱን ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዝናቡ ከከተማው ላይ ተነስቶ በዙሪያው ባሉ ኮረብታዎችና ሸለቆዎች ላይ እንዲሆን ዱዓ አደረጉ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ስለ ዱዓው ነው። እኔ ግን ስለ ሰውየውም እንድናስብ እፈልጋለሁ። የሕዝቡን ጉዳት ሰምቶ ዝም አላለም፤ በጉባኤ መካከል ተነስቶ ተናገረ። «ተቀመጥ፣ ይህ የቀደር ጉዳይ ነው» ያለውም የለም።

በኸሊፋው በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን፣ በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ መካን ታላቅ ጎርፍ መታትና መቃመ ኢብራሂምን ከስፍራው አንስቶ ወሰደው። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ሲሰሙ ከመዲና ድረስ መጡ፤ መቃሙን ወደ ቦታው አስመለሱ። በዚህም አላበቁም፤ ጎርፉ ዳግመኛ ወደ ሐረም እንዳይገባ ከላይ በኩል መከላከያ እርከን አሠሩ። ከጎርፍ በኋላ የሚደረገው ይህ ነው፤ የተጎዳውን ማንሳት፣ ከዚያም የሚቀጥለውን መከልከል።

ምን እንማር?

አንደኛ፣ እስከ ዛሬ የታየው ትልቁ ጎርፍ የወንዙ ወሰን አይደለም፤ የእኛ ማስታወሻ ወሰን ነው። በካርቱም ብዙ ሰው «በ46ም ውሃው እዚህ አልደረሰም» እያለ በቤቱ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ቃሉ እውነት ነበር፤ ግን አላዳነውም። እኛም በከተማችን «አባቴ እዚህ ኖሮ ጎርፍ አላየም» የሚል ማስረጃ እንወዳለን። ተራራው ደኑን ካጣ፣ የወንዙ ዳር በቤት ከጠበበ፣ የውሃ መውረጃው በፕላስቲክ ከተዘጋ፣ የአባታችን ወንዝና የእኛ ወንዝ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ጎርፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ማስጠንቀቂያውም አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ጥቁር አባይ ረጅም መንገድ ተጉዞ ካርቱም ስለሚደርስ ሙላቱ ድንበር ላይ ሲለካ ከተማው የቀናት ጊዜ አለው። ደቻቱ ግን ከተራራው እስከ ከተማው ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ የሚሰጠን ጊዜ ቢበዛ ሰዓታት፣ ቢያንስ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ መጀመር ያለበት ከተራራው ነው። ዛሬ ደጋ ላይ ባለ ገበሬም እጅ ሞባይል አለ። ከላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ያየ ሰው ወደ ታች የሚደውልለት አንድ የታወቀ ሰው ካለ፣ ያ አንድ ጥሪ የብዙ ሰው ነፍስ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ ሀብታምና ድሃ አይለይም የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው። በካርቱም በብዛት የፈረሱት የጭቃ ጡብ ቤቶች ናቸው። የጭቃ ጡብ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይሟሟል፤ ጎርፉ ጉልበት ባይኖረው እንኳ ግድግዳው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይወድቃል። በዝቅተኛ ቦታ የሚሠራው ደግሞ ከፍተኛውን ቦታ መግዛት ያልቻለው ነው። በወንዝ ዳር የሠራውን ድሃ ብቻ መውቀስ አይበቃም። ያንን መሬት የሸጠለት፣ ያከራየው፣ አይቶ ዝም ያለውም ተጠያቂ ነው። በጎርፍ መንገድ ላይ ቤት ማከራየት የተበላሸ ምግብ ከመሸጥ በምን ይለያል?

አራተኛ፣ ውሃው ሲጎድል አደጋው አያበቃም። መጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ከመጠጥ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ በየቦታው የተኛው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል። ስለዚህ ሰደቃችን በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ልብስና ዳቦ ሰጥቶ የሚያበቃ መሆን የለበትም። ንጹሕ ውሃ፣ አጎበርና የመጸዳጃ ቤት ጥገና ከወር በኋላም ይፈለጋሉ።

አምስተኛው ትምህርት እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከታል። እኛ ከላይ ያለን ጎረቤት ነን። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2025) ተመርቋል። ግድብ የክረምቱን ሙላት ይዞ ቀስ እያለ ሲለቅ ለታችኛው አገር እፎይታ ይሆናል፤ መቼና ምን ያህል እንደሚለቅ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን ስጋት ይሆናል። ግድቡ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ በሱዳን ጎርፍ በሆነ ጊዜ በመንግሥታት መካከል ብዙ ክርክር ተሰምቷል። ያን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የግድቡ ባለቤት መሆናችን መብታችን እንደሆነ ሁሉ፣ ውሃው ከመውረዱ በፊት የታችኛውን ጎረቤት በር ማንኳኳትም አማናችን ነው። የታችኛውም ሲነገረው ሰምቶ ለሕዝቡ ማድረስ አለበት። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሕግ በሁለት አገሮችም መካከል ይሠራል።

ታያ ያለ ሰው

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023) በካርቱም ጦርነት ተነሳ። እኔም እንደ ብዙዎች ያለኝን ጥዬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቱቲ በታጣቂዎች ተከበበች፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎቿም ደሴቲቱን ለቀው ተሰደዱ። የሐጁን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቷል። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይገባኛል። የቱቲ መከላከያ አፈሩና ጆንያው አልነበረም። መከላከያዋ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ሕዝብ ነበር። ሕዝቡ ሲበተን የወንዙ ዳር እዚያው ቢቀርም የሚጠብቀው ዐይን አይኖርም። የትኛው ቦታ ደካማ እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌ በስደት ላይ ሲሞቱ፣ ያ እውቀት አብሯቸው ይቀበራል።

በድሬዳዋ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ምም በከተማችን ጎርፍ የሰው ሕይወት ወስዷል። ግንብ ውሃን ያግዳል እንጂ ሰውን አይቀሰቅስም። ስለዚህ እንደተመለስኩ በሠፈራችን መስጊድ ለጀማዓው ስለ ታያ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ «አሸዋ ለመጠበቅ?» ብለው። ጥቂቶች ግን ተስማሙ። ዛሬ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ወረቀት እናዘጋጃለን። በወረቀቱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የታመሙና መራመድ የማይችሉ ጎረቤቶች ስም አለ፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይገኙበታል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በሩን የሚያንኳኩ የሁለት ሰዎች ስም ተጽፏል። አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲኖር ነው ሁለት ያደረግነው። ሙአዚኑም ከአዛን ውጭ በሌሊት የድምፅ ማጉያው ከተከፈተ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ እንዲያውቅ አድርጓል። ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ ስብሰባ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ዕዳ ነበረብኝ። በአላህና በባሪያው መካከል ያለውን ጥፋት ተውበት ያነሳዋል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይነሳም። ሐጃ የሉም። አንዲት ልጅ ግን አለቻቸው። ባለፈው ዓመት ሄጄ አምስቱን እርምጃ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ለአላህ ብዬ ዐፍው ብያለሁ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ልነሳ ስል ቀጠለች። «እኔም አሁን የምኖረው ወንዝ ዳር ነው። ሲመጣ በሬን አንኳኳ።»

ስሟ በወረቀታችን ላይ ተጽፏል። አጠገቡ የእኔ ስም አለ።

ውድ አንባቢ፣ አንተም አንቺም ይህን ጋዜጣ ከማጠፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። በግቢያችሁ፣ በፎቃችሁ፣ በሠፈራችሁ ድምፁን ቀድሞ መስማት የማይችለው ማን ነው? ስሙን ካወቃችሁ ነገ ሄዳችሁ ሰላም በሉት። በሩ ወዴት እንደሚከፈትም በብርሃን እያለ እዩት።

አላህ ከተማዎቻችንን ከክፉ ውሃ ይጠብቅልን። ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ለተሰደዱት ወደ ቀያቸው መመለስን ይወፍቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።